ጉልበት ከጠርሙስ አይጠጣም፦ ሕዋስ ከምግብ ኃይል የሚያወጣበት መንገድና የጣፋጭ መጠጥ ጉዳይ

ሐዋሳ ውስጥ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ ሙቀቱ ሲበረታ፣ በመናኸሪያ አካባቢ ተሰልፈው ተራ በሚጠብቁ የባጃጅ አሽከርካሪዎች እጅ ላይ ጠርሙስ ማየት የተለመደ ነው። አንዳንዱ ለስላሳ ነው፤ አንዳንዱ ደግሞ «ኃይል ሰጪ» ተብሎ የሚሸጠው፣ ስኳርና ካፌይን የበዛበት መጠጥ ነው። ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ መሪ ይዞ የዋለ ሰው ድካም ሲሰማው ወደ ሱቅ ጎራ ብሎ ጉልበት የሚሰጥ ነገር መጠየቁ አያስገርምም። ለፈተና ሌሊቱን የሚያነብ ተማሪም፣ በፈረቃ የምትሠራ የፋብሪካ ሠራተኛም ያንኑ ያደርጋሉ። ባለሱቁ ሲሸጥ፣ ማስታወቂያው ሲናገር፣ ገዢውም ሲጠጣ ሁሉም የሚጋሩት አንድ እምነት አለ፤ ይኸውም ጉልበት በጠርሙሱ ውስጥ እንደሚገኝና ብዙ የጠጣ ብዙ እንደሚበረታ ነው።

እምነቱ ሙሉ በሙሉ ስሕተት አይደለም። ስኳር በእርግጥም ኃይል የታመቀበት ነገር ነው። ነገር ግን ሰውነታችን ኃይልን የሚያመነጨው በቀረበለት ማገዶ መጠን ሳይሆን በተጠየቀው ሥራ መጠን ነው። ይህ ልዩነት ትንሽ ይመስላል። ሆኖም በከተሞቻችን እየበረከተ የመጣው ሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ ከየት እንደሚነሣ ለመረዳት ከዚህ የተሻለ መነሻ አላገኘሁም። ስለዚህ በአንዲት ሕዋስ ውስጥ ምን እንደሚካሄድ ጠጋ ብለን እንመልከት።

ምግብ በሰውነት ውስጥ «ይቃጠላል» የሚለው አነጋገር የቆየ ነው፤ መሠረትም አለው። ፈረንሳዊው የኬሚስትሪ ሊቅ አንትዋን ላቯዝዬ እ.ኤ.አ. በ1780ዎቹ መጀመሪያ ከሒሳብ ሊቁ ፒየር ሲሞን ላፕላስ ጋር ሆኖ አንዲትን ትንሽ እንስሳ በበረዶ በተከበበ ዕቃ ውስጥ አስገባ። ከዚያም ሙቀቷ ያቀለጠውን በረዶና የተነፈሰችውን የተቃጠለ አየር ለካ። ውጤቱን ከሚነድ ከሰል ጋር ሲያስተያዩት፣ ለተመሳሳይ መጠን የተቃጠለ አየር የሚወጣው ሙቀት የተቀራረበ ሆኖ ተገኘ። መተንፈስ ዝግ ብሎ የሚካሄድ መቃጠል ነው የሚል መደምደሚያ ላይ የደረሱት በዚህ ነው። የዛሬው ሳይንስም የመነሻና የመድረሻ ሒሳቡን አይቃወምም። 180 ግራም ግሉኮስ፣ ማለትም በደማችን የሚዘዋወረው ስኳር፣ በእሳት ቢቃጠልም፣ በሰው ሕዋስ ውስጥ ቢፈጭም፣ መጨረሻው ውኃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ በአጠቃላይ የሚለቀቀውም ኃይል 686 ኪሎ ካሎሪ ያህል ነው።

ልዩነቱ በመንገዱ ላይ ነው። ለቡና የተያያዘ ከሰል ኃይሉን በአንድ ጊዜ በሙቀት መልክ ይለቀዋል፤ ጀበናው ይፈላል፣ የተረፈው ሙቀት ግን ወደ አየር ተበትኖ ይጠፋል። ሕዋስ እንዲህ ቢያደርግ ራሱን ያቃጥላል እንጂ አይሠራም። ስለዚህ ግሉኮሱን ከሃያ በሚበልጡ ትናንሽ እርምጃዎች ይበትነዋል። እያንዳንዱን እርምጃ የሚያስፈጽም የራሱ ኢንዛይም አለ፤ ከየእርምጃው የሚወጣው ኃይልም ጥቂት በጥቂት ይያዛል።

የመጀመሪያዎቹ አሥር እርምጃዎች የሚካሄዱት በሕዋሱ ፈሳሽ ውስጥ ሲሆን፣ ኦክስጅን አይጠይቁም። ስድስት ካርቦን ያለው ግሉኮስ ለሁለት ተከፍሎ ሦስት ሦስት ካርቦን ያላቸው ሁለት ቁራጮች ይሆናል። ሕዋሱም በትርፍነት ሁለት የኤቲፒ ቅንጣቶች ያገኛል። ኤቲፒ ማለት ሕዋስ ለሚሠራው ለእያንዳንዱ ሥራ የሚከፍልበት የኃይል ገንዘብ ነው። ጡንቻ ሲኮማተር፣ ነርቭ መልእክት ሲያስተላልፍ፣ ኩላሊት ጨውን ከሽንት ሲመልስ የሚከፈለው በኤቲፒ ነው። ጀርመናዊው ካርል ሎማን እ.ኤ.አ. በ1929 አገኘው፤ ፍሪትዝ ሊፕማን ደግሞ በ1941 የሕዋስ ሁሉ የጋራ ገንዘብ መሆኑን አስረዳ።

ብዙ ጥቃቅን ፍጥረታት እዚህ ላይ ያቆማሉ። ይህን ለማየት ከሲዳማ ጓሮ ርቆ መሄድ አያስፈልግም። የተፋቀ እንሰት በቅጠሉ ተጠቅልሎ ጉድጓድ ሲገባና ሲታፈን፣ ውስጡ አየር ያጣል። በዚያ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ስኳሩን ለሁለት ከፍለው ጥቂት ኤቲፒ ካገኙ በኋላ ቀሪውን በአሲድ መልክ ይተዉታል። የቆጮ ጎምዘዝ ያለ ጣዕም ከዚያ ይመጣል፤ ሳይበላሽ ለወራት መቆየቱም እንዲሁ። እርሾም በጠጅ ጋን ውስጥ ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል፤ እርሱ የሚተወው ግን አልኮል ነው። አረቄ በክብሪት የሚያያዘው እኮ እርሾው ሊያወጣው ያልቻለው ኃይል እዚያው ስለቀረ ነው። ቆጮ ከቦካ በኋላም የሚያጠግበንና የሚያቆመን በዚሁ ምክንያት ነው፤ ያለ ኦክስጅን የሚኖረው ፍጥረት ከስኳሩ የሚጠቀመው ጥቂቱን ብቻ በመሆኑ፣ አብዛኛው ለእኛ ይተርፋል።

እኛ የተረፈውን የምናወጣበት ሥፍራ ሚቶኮንድሪያ ይባላል። ሚቶኮንድሪያ በሕዋስ ውስጥ የሚገኙ፣ በሁለት ሽፋን የተጠቀለሉ ጥቃቅን ክፍሎች ናቸው። በልብ ጡንቻ ሕዋስ ውስጥ ብዛታቸው በሺዎች ይቆጠራል፤ በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ግን አንድም የለም። ከእናት ብቻ የሚወረስ የራሳቸው የዘር ቅመም (ዲኤንኤ) አላቸው። ይህም ከሌሎች ማስረጃዎች ጋር ተዳምሮ ጥንት ራሳቸውን ችለው ይኖሩ የነበሩ ባክቴሪያዎች እንደነበሩ ያሳያል። ከግሉኮሱ የወጡት ቁራጮች ወደዚህ ገብተው፣ ሐንስ ክሬብስ እ.ኤ.አ. በ1937 ባብራራው ዑደት ውስጥ ይዞራሉ። ካርቦናቸው አንድ በአንድ እየተነጠለ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል፤ ደም ወደ ሳንባ ያደርሰዋል፤ እኛም እናስወጣዋለን። ሰው ሲከሳ ስቡ «በላብ ወጣ» ይባላል እንጂ፣ የሚበዛው ክብደት የሚወጣው በትንፋሽ ነው። አሥር ኪሎ ስብ ሙሉ በሙሉ ቢፈጭ ስምንት ኪሎ ተኩል ያህሉ በካርቦን ዳይኦክሳይድ መልክ በአፍና በአፍንጫ ይወጣል፤ ውኃ የሚሆነው ቀሪው ብቻ ነው።

ሆኖም የዑደቱ ዋና ምርት ካርቦን ዳይኦክሳይዱ አይደለም። ከምግቡ የተነጠቁት ኤሌክትሮኖች ናቸው። ከቢ ቫይታሚኖች የሚሠሩ አጓጓዦች እነዚህን ኤሌክትሮኖች ተሸክመው በሚቶኮንድሪያው ውስጠኛ ሽፋን ላይ ለተሰደሩ ፕሮቲኖች ያስረክባሉ። ፕሮቲኖቹም ልክ ሰዎች ተሰልፈው ባልዲ እንደሚቀባበሉ ኤሌክትሮኖቹን ከአንዱ ወደ ሌላው ያስተላልፋሉ። በየቅብብሉ የሚለቀቀው ኃይል ፕሮቶኖችን፣ ማለትም የሃይድሮጅን አቶም እምብርቶችን፣ ከሽፋኑ አንድ ወገን ወደ ሌላው ይገፋል። በመጨረሻ ኤሌክትሮኖቹን የሚቀበለው ኦክስጅን ነው፤ ከፕሮቶን ጋር ተዋሕዶም ውኃ ይሆናል። በየደቂቃው የምንተነፍሰው ለዚህ ብቻ ነው ማለት ይቻላል፤ በቅብብሎሹ ጫፍ ላይ የሚቀበል እንዲኖር።

ጫፉ ሲዘጋ የሚሆነውን ከአሳዛኝ አጋጣሚዎች እናውቀዋለን። ሳያናይድ የሚባለው መርዝ ኤሌክትሮንን ለኦክስጅን የሚያስረክበውን የመጨረሻውን ፕሮቲን ይይዘዋል። ሰውዬው አየር እየሳበ፣ ደሙም ኦክስጅን ተሸክሞ እያለ፣ ሕዋሱ ታፍኖ ይሞታል። በብርድ ሌሊት በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከተተወ ከሰል የሚወጣው ጭስ አልባ ጋዝ፣ ማለትም ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ዋና ጉዳቱ የኦክስጅንን ቦታ በደም ውስጥ በመያዝ ኦክስጅን ወደ ሕዋስ እንዳይደርስ ማድረጉ ነው። ሽታ ስለሌለው ተኝቶ የነበረ ሰው አይነቃበትም። በዚህ ከተማ ብርዱ እንደ ደጋው የከፋ ባይሆንም፣ ከሰል አስገብቶ በር ዘግቶ መተኛት እዚህም ቢሆን ሕይወት የሚያስከፍል ነገር ነው።

ከሽፋኑ ማዶ የተከማቹት ፕሮቶኖች በግድብ እንደታቆረ ውኃ ናቸው። ወደ ኋላ ለመመለስ ይገፋሉ፤ ሽፋኑ ግን አያሳልፋቸውም። መውጫቸው አንድ ነው፤ ኤቲፒን የሚሠራው ፕሮቲን። ይህ ፕሮቲን በእርግጥም እንደ ተርባይን የሚሽከረከር ዘንግ አለው። ፕሮቶኖች ሲያልፉበት ይዞራል፤ በአንድ ሙሉ ዙር ሦስት ኤቲፒ ይሠራል። የግድቡን ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1961 ያቀረበው እንግሊዛዊው ፒተር ሚቸል ነበር። የዘመኑ ሊቃውንት ለዓመታት አልተቀበሉትም ነበር፤ በ1978 ግን የኖቤል ሽልማት አገኘበት። የዘንጉን መሽከርከር ደግሞ የጃፓን ተመራማሪዎች በ1997 በአጉሊ መነጽር ሥር በዓይን አይተው አረጋገጡ። በእኔ ግምት፣ ቆቃም ሆነ ሕዳሴ ግድብ የሚሠራበት ብልሃት በእያንዳንዱ ሰው ጣት ጫፍ ውስጥ በብዙ ቢሊዮን እጥፍ ተደግሞ መገኘቱን ሳይማር ከትምህርት ቤት የሚወጣ ልጅ ሊኖር አይገባም።

ሒሳቡ ሲደመር ከአንድ ግሉኮስ የሚገኘው ኤቲፒ ሠላሳ ወይም ሠላሳ ሁለት ገደማ ነው። ያለ ኦክስጅን ሁለት፣ በኦክስጅን ሠላሳ። ቀሪው ኃይል ሙቀት ይሆናል፤ ሰውነታችን 37 ዲግሪ ሆኖ የሚቆየው በዚህ ሙቀት ነው።

እዚህ ላይ የመጣንበት ጉዳይ ይገለጣል። በሰው አካል ውስጥ በአንድ ቅጽበት ያለው ኤቲፒ በመቶ ግራም አካባቢ የሚገመት ነው። በቀን ውስጥ የሚሠራውና የሚወጣው ግን ከራሱ ከሰውዬው ክብደት ጋር ይቀራረባል። ይህ ሊሆን የቻለው ያው ኤቲፒ ሲወጣ ወደ ኤዲፒ ተለውጦ፣ ኤዲፒውም ተመልሶ ኤቲፒ እየሆነ፣ በቀን መቶዎች ጊዜ ስለሚመላለስ ነው። ኤቲፒ በጎተራ አይከማችም፤ እንደ መብራት ኃይል በተፈለገበት ሰዓት የሚመረት ነው። ስለዚህ ተርባይኑ እንዲዞር ፕሮቶን ብቻ አይበቃም፤ ኤዲፒ መኖር አለበት። ኤዲፒ የሚኖረው ደግሞ ኤቲፒ ሥራ ላይ ሲውል ነው።

አንድ ሰው ተቀምጦ ሲውል ምን እንደሚሆን ከዚህ ተነሥቶ ደረጃ በደረጃ መከተል ይቻላል። የእግሩ ጡንቻዎች ሥራ አልያዙም፤ ኤቲፒያቸው ብዙም አልተነካም፤ ኤዲፒም ጥቂት ነው። ኤዲፒ ጥቂት በመሆኑ ተርባይኑ ያዘግማል። ተርባይኑ ስላዘገመ ፕሮቶኖች ከግድቡ በስተጀርባ ሞልተው ይቆማሉ። ግድቡ ስለሞላ ኤሌክትሮኖቹ በቅብብሎሹ ላይ ይደናቀፋሉ፤ አጓጓዦቹም ሸክማቸውን የሚያራግፉበት አጥተው እንደተጫኑ ይቀራሉ፤ ባዶ አጓጓዥ ያጣው የክሬብስ ዑደትም ይቀዘቅዛል። በዑደቱ ውስጥ የተከማቸው ሲትሬት የሚባል ንጥረ ነገር ከሚቶኮንድሪያው ወጥቶ የግሉኮስን መከፈል የሚቆጣጠረውን ኢንዛይም «በቃ» ይለዋል። እንዲህ ባለ ሰው ላይ አንድ ጠርሙስ ስኳር ቢጨመር ምድጃው አይነድም። እሳቱ የሚከተለው ሥራን እንጂ እንጨትን አይደለምና፣ የተጨመረው ማገዶ ከምድጃው ውጭ ይቆለላል።

ታዲያ ወዴት ይሄዳል? በጤነኛ ጎልማሳ ደም ውስጥ በአንድ ጊዜ የሚዘዋወረው ግሉኮስ ሁሉ ቢሰበሰብ አምስት ግራም ያህል ነው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ። በአንድ 300 ሚሊ ሊትር ለስላሳ ውስጥ ያለው ስኳር ግን ሠላሳ ግራም ገደማ ነው። ግማሹ ግሉኮስ ግማሹ ፍሩክቶስ ቢሆንም፣ በደቂቃዎች ውስጥ ወደ ደም መፍሰስ የሚጀምረው ግሉኮስ በዚያ ካለው ሦስት እጥፍ ያህል ነው። ቆሽት ይህን እንዳወቀ ኢንሱሊን ያመነጫል። ኢንሱሊን የጡንቻንና የስብ ሕዋሳትን በር አስከፍቶ ግሉኮሱን ያስገባል፤ ጉበትንም እንዲያከማች ያዝዛል። የመጀመሪያው ማከማቻ ግላይኮጅን ነው፤ ጉበት መቶ ግራም፣ ጡንቻዎች ተደምረው አራት መቶ ግራም ገደማ ይይዛሉ። በጾም ሰዓት አንጎላችን ሳይጨልም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምንቆየው ጉበት ካስቀመጠው ላይ እየመነዘረ ስለሚሰጥ ነው። ማከማቻው ሞልቶ ካደረ ግን ትርፉ ወደ ስብነት ይለወጣል። ፍሩክቶሱን በአብዛኛው የሚረከበው ጉበት ስለሆነ፣ የጉበት ስብ መነሻ ሊሆን ይችላል።

የስብ ሕዋስ ስብን ለማስቀመጥ የተሠራ ነው። ችግሩ የሚጀምረው ስቡ በጉበትና በጡንቻ ሕዋሳት ውስጥ ሲጠራቀም ነው፤ የኢንሱሊንን ትእዛዝ እንዳይሰሙ ያደርጋቸዋልና። ቆሽት የበለጠ ኢንሱሊን እየላከ ለዓመታት ይቋቋመዋል። በዘር የሚወረስ ድክመት ያለበት ወይም ዕድሜው የገፋ ሰው ቆሽት ሲደክም፣ ስኳሩ በደም ውስጥ እንደተንሳፈፈ ይቀራል። ሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ የምንለው ይህን ነው። ኢንሱሊን አምራቾቹ ሕዋሳት በራሱ በሰውነት መከላከያ ተጠቅተው የሚጠፉበት የመጀመሪያው ዓይነት ሌላ ነው፤ እርሱ ከአኗኗር የሚመጣ አይደለም፤ የታመመ ልጅ ወላጆችም ራሳቸውን ሊወቅሱበት አይገባም።

እንግዲህ «ኃይል ሰጪ» የተባለውን የጠጣ ሰው የሚሰማው መነቃቃት ከየት መጣ? መነቃቃቱ እውነተኛ ነው፤ ምንጩ ግን በዋነኛነት ካፌይን ነው። ኤቲፒ ሲሠራበት ከሚተርፉት ቅሪቶች አንዱ አዴኖሲን ነው። ነቅተን በቆየን ቁጥር በአንጎል ውስጥ እየበዛ ይሄዳል፤ መቀበያዎቹ ላይ ሲያርፍም ድካምና እንቅልፍ ይሰማናል። የካፌይን ቅርጽ ከአዴኖሲን ጋር ስለሚመሳሰል መቀበያዎቹን ቀድሞ ይይዛቸዋል። መልእክተኛው ደጅ ላይ እንዲቆም ይደረጋል እንጂ፣ መልእክቱ ሐሰት ሆኖ አይደለም። የሲዳማ ቡናም የሚያነቃን በዚሁ መንገድ ነው፤ ያለ ስኳር የተጠጣ ስኒ ቡና ከሞላ ጎደል ምንም ኃይል የለውም፣ ግን ያነቃል። ቡናን እዚህ ላይ የማነሣው ለመንቀፍ አይደለም፤ ንቃትና ኃይል ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ከእርሱ የተሻለ የሚያሳይ ስለሌለ ነው። በጠርሙሱ ላይ በትልልቁ የሚጻፉት ቢ ቫይታሚኖችም ቀደም ብዬ የጠቀስኳቸውን አጓጓዦች ለመሥራት የግድ ያስፈልጋሉ። ይሁን እንጂ እነርሱ መሣሪያ ናቸው እንጂ ማገዶ አይደሉም። እጥረት ያለበትን ሰው ይጠቅማሉ፤ የሚበቃው ላለው ሰው ሲጨመርለት ትርፉ በሽንት ይወጣል።

በሌላው በኩል ማለዳ በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ባለው አሞራ ገደል ላይ ጀልባውን እየቀዘፈ የሚመለሰውን ዓሣ አጥማጅ እንመልከት። ጡንቻው በኃይል ሲሠራ የኤቲፒ ፍላጎቱ ከዕረፍት ጊዜው ብዙ አሥር እጥፍ፣ በጣም ሲበረታም ከመቶ እጥፍ በላይ ይጨምራል። በውስጡ ያለው ኤቲፒ ለጥቂት ሰከንዶች ብቻ ይበቃል። ኤዲፒው ሲበዛ ተርባይኑ ይፈጥናል፣ ግድቡ ይጎድላል፣ ኤሌክትሮኖቹ ይፈስሳሉ፣ እስትንፋሱ ይጨምራል፣ ዑደቱም ማገዶ ይጠይቃል። በዚህ ጊዜ የሚሆነው አንድ ነገር ለእኛ ጉዳይ ከሁሉ ይበልጣል። የሚኮማተር ጡንቻ ግሉኮስ የሚገባባቸውን በሮች ያለ ኢንሱሊን ትእዛዝ በራሱ ይከፍታል። ኢንሱሊን አልሰማ ባለ ጡንቻ ላይ እንኳ ይህ መንገድ አይዘጋም። ከምግብ በኋላ በእግር የሄደ ሰው የደሙ ስኳር ቶሎ የሚወርደው በዚህ ነው።

ሥራው ሲደጋገም ሚቶኮንድሪያው ራሱ ይበዛል። አሜሪካዊው ጆን ሆሎስዚ እ.ኤ.አ. በ1967 ባሳተመው ጥናት ለሳምንታት እንዲሮጡ የተደረጉ አይጦች የጡንቻቸው ሚቶኮንድሪያ ኦክስጅን የመጠቀም አቅሙ ወደ እጥፍ እንዳደገ አሳየ። አንድ ሰው «ጉልበት አገኘሁ» ሊል የሚገባው በእውነት ያኔ ነው፤ ኃይል የሚያመርትባቸው ምድጃዎች ሲበዙለት። ይህን የሚሸጥ ሱቅ የለም።

ስኳር በቶሎ መወሰድ ያለበት ጊዜ መኖሩንም ሳልናገር ባልፍ አንባቢን አሳስታለሁ። ኢንሱሊን ወይም አንዳንድ የስኳር መድኃኒቶችን የሚወስድ ሰው ላብ ካጠመቀው፣ ከተንቀጠቀጠና ግራ ከተጋባ ስኳሩ ወርዶ ሊሆን ይችላል። ነቅቶ መዋጥ ከቻለ ወዲያው ጣፋጭ ነገር መውሰድ አለበት፤ አንጎል ከሰውነት ክብደት ሁለት በመቶ ሆኖ ሳለ ከኃይሉ አንድ አምስተኛውን ስለሚወስድ፣ መዘግየት አይታገሥም። ረጅም ርቀት የሚሮጥ አትሌትም ግላይኮጅኑ ሲያልቅበት በመንገድ ላይ ስኳር ይጠቅመዋል። ተቅማጥ ለያዘው ሕፃን በጤና ጣቢያ የሚሰጠው ኦአርኤስ ውስጥ ግሉኮስ አለ፤ ዋና አገልግሎቱ ግን ጉልበት መስጠት አይደለም። በአንጀት ግድግዳ ላይ ጨውና ግሉኮስ አብረው የሚገቡበት በር ስላለ፣ ጨው እንዲገባና ውኃውም እንዲከተለው መንገድ ይከፍታል። ለዚህ ነው ለስላሳ በኦአርኤስ ቦታ የማይተካው፤ ስኳሩ ከመጠን በላይ፣ ጨዉም ከሚያስፈልገው በታች በመሆኑ ተቅማጡን ያባብሰዋል።

የባጃጅ አሽከርካሪው ግን ከእነዚህ አንዱም አይደለም። 65 ኪሎ የሚመዝን ሰው ተቀምጦ በሰዓት የሚያወጣው 65 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ነው። አንድ ጠርሙስ ለስላሳ 120 ኪሎ ካሎሪ ያህል ይዟል። በቀን ሦስት ጠርሙስ ከጠጣ፣ ከቁርሱና ከምሳው ውጭ ለአምስት ሰዓት ተኩል መቀመጫ የሚበቃ ማገዶ ጨምሯል ማለት ነው፤ ስኳሩም ዘጠና ግራም ደርሷል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ፣ በምግብና በመጠጥ ላይ የሚጨመር ስኳር ከዕለቱ ኃይል አሥር በመቶ እንዳይበልጥ፣ የሚቻል ከሆነም ወደ አምስት በመቶ እንዲወርድ ይመክራል። ሁለተኛው በቀን ሃያ አምስት ግራም ገደማ ነው፤ አንዱ ጠርሙስ ብቻውን ያልፈዋል።

እጅግ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። ድካም ከስኳር በሽታ የመጀመሪያ ምልክቶች አንዱ ነው። ግሉኮሱ በደም ውስጥ ሞልቶ እያለ በር ስላልተከፈተለት ሕዋሱ ይራባል፤ ሰውዬውም ይዝላል። ትርፉ ስኳር በኩላሊት በኩል ውኃ ይዞ ስለሚወጣ ሽንቱ ይበዛል፤ ይጠማዋል። የደከመውና የጠማው ሰው ደግሞ ጉልበትም ይሰጣል፣ ጥምም ይቆርጣል የተባለውን ቀዝቃዛ ጣፋጭ መጠጥ ያነሣል። በሽታው ራሱን እንዲህ ይመግባል። ዓይኑ እስኪደክም ወይም እግሩ ላይ የማይድን ቁስል እስኪወጣ ድረስ ሳይታወቅ ለዓመታት ሊቆይ ይችላል። እንዲህ ሰንብቶ ሐኪም ቤት የደረሰ ሰው በየቤተሰባችን አይጠፋም።

ስለዚህ ሳምንታት ያስቆጠረ ድካም በጠርሙስ ሳይሆን በምርመራ የሚጠየቅ ነገር ነው። ምክንያቱ የደም ማነስ ሊሆን ይችላል፤ ብረት ኤሌክትሮን በሚያቀባብሉት ፕሮቲኖችም ኦክስጅን በሚሸከመው ደምም ውስጥ አለና። ወባ ሊሆን ይችላል፤ እንቅልፍ ማጣት ሊሆን ይችላል። የስኳር ምርመራው ቀላል ነው። ሌሊቱን ሳይበሉ አድረው በሚሰጥ ደም 126 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትርና ከዚያ በላይ ከተገኘና በድጋሚም ከተረጋገጠ በሽታው አለ ይባላል። ከዚያ በታች ሆኖ ከጤነኛው ልክ ከፍ ያለ ውጤት ያገኙ ሰዎች ደግሞ ገና ጊዜ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ2002 ይፋ በሆነ የአሜሪካ ጥናት፣ በዚህ ደረጃ ላይ የነበሩ ከሦስት ሺህ የሚበልጡ ሰዎች በሦስት ቡድን ተከፈሉ። ሜትፎርሚን የተባለውን መድኃኒት የወሰዱት በማስመሰያ ክኒን ከቆዩት ጋር ሲነጻጸሩ ወደ በሽታው የመሸጋገር ዕድላቸው በ31 በመቶ ቀነሰ። አመጋገባቸውን አስተካክለው ክብደታቸውን በጥቂቱ እንዲቀንሱና በሳምንት 150 ደቂቃ፣ ማለትም በሳምንት አምስት ቀን በሐዋሳው ፍቅር ሐይቅ ዳር ለግማሽ ሰዓት ፈጠን ብሎ የመሄድ ያህል፣ እንዲንቀሳቀሱ የተደረጉት ግን በ58 በመቶ ቀነሰላቸው።